ደንገጎ ላይ የሚቆራርጠው ጎልፍ

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። የ2007 ሞዴል ጎልፍ ጂቲአይ አለኝ፤ 2.0 ቱርቦ፣ ማንዋል ማርሽ። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄጄ ስቴጅ ዋን ሪማፕ አሠራሁ፤ ጉልበት እንዲጨምር የሞተሩን ኮምፒውተር አስተካከሉልኝ። እዚያ እያለሁ እንደ ጥይት ነበር። ካንዴላው አርጅቷል ስላሉኝ ድሬ ስመለስ አራቱንም በኢሪዲየም ቀየርኩ። ሳጥኑ ላይ ኤንጂኬ ቢኬአር6ኢአይኤክስ-11 ይላል። ከተማ ውስጥ ደህና ነው። የደንገጎን ዳገት በ4ኛ ማርሽ ስወጣ ነዳጅ ከረገጥኩ ግን መቆራረጥ ይጀምራል፤ የቼክ ኢንጂን መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። ስካነሩ ፒ0300 እና ፒ0302 የሚሉ የእሳት መሳት ኮዶች አወጣ። አንዱ ቦቢና ቀይር ይለኛል። ሌላው 8 ቁጥር የሬስ ካንዴላ አስገባ ይለኛል። ኢሪዲየም ለቱርቦ አይሆንም የሚልም አለ። የቱን ልስማ? ራሴስ ብቀይረው ይሆናል?»

ምላሽ፦

አቦ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። ይሄ ነገር እስኪስተካከል ድረስ ደንገጎን ስትወጣ ነዳጅ አትርገጥ። የቼክ ኢንጂን መብራት ዝም ብሎ ሲበራ «ጊዜ ስታገኝ አሳየኝ» ማለቱ ነው። ብልጭ ድርግም ሲል ግን «እግርህን አሁኑኑ አንሳ» እያለህ ነው። ያልተቃጠለ ቤንዚን ከሲሊንደሩ እየወጣ ነው። ያ ቤንዚን ሄዶ ካታላይዘሩ ውስጥ ይነድዳል። ካታላይዘሩ ውስጥ የማር እንጀራ የመሰለ ሸክላ አለ። በዚያ ሙቀት ይቀልጣል። ከቀለጠ ማርሚታው ይታፈናል፣ ቱርቦውም መተንፈሻ ያጣል። ያኔ ወጪው የአራት ካንዴላ አይሆንም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። መልሱን አንተው ጽፈህልኛል። ሳጥኑ ላይ ያነበብከው ነው።

የኤንጂኬን ጽሑፍ ማንበብ ከባድ አይደለም። «ቢኬ» ሲል ጥርሱ 14 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሚፈታውም በ16 ቁጥር መፍቻ ነው። «አር» ውስጡ ሬዚስተር አለው ማለት ነው፤ ሬዲዮህና ኮምፒውተሩ እንዳይረበሹ። «ኢ» የጥርሱ ርዝመት ነው፣ 19 ሚሊ ሜትር። «አይኤክስ» ኢሪዲየም ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ለጎልፍህ ልክ ነው። ሳያስቸግር የገባልህም ለዚህ ነው። ጉዱ ያለው ቁጥሮቹ ላይ ነው። 6 የሙቀት ደረጃው ነው። መጨረሻ ላይ ያለው 11 ክፍተቱ ነው፣ 1.1 ሚሊ ሜትር።

ያንተ ሞተር ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ፒኤፍአር7ኤስ8ኢጂ የሚባል ፕላቲነም ካንዴላ ነው። ደረጃው 7፣ ክፍተቱ 0.8። አንተ የገዛኸው ቱርቦ ለሌላቸው መኪኖች የሚሆን ነው። ለእነሱ ግሩም ካንዴላ ነው። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ከአሮጌው ጋር አስተያይቶ «ይገባል» ብሎህ ይሆናል። አልዋሸህም። ይገባል።

እንግዲህ አሁን ያለህ መኪና ቱርቦው ከድሮው የበለጠ የሚነፋ፣ ካንዴላው ግን ከድሮው አንድ ደረጃ የሞቀና ክፍተቱ የሰፋ ነው። ሁለቱም በተቃራኒው መሆን ነበረባቸው። ቢያንስ ባሉበት መቆየት ነበረባቸው።

መጀመሪያ ስለ ክፍተቱ፤ የሚያቆራርጥህ እሱ ነውና። ብልጭታው ከመሃለኛው ዘንግ ወደ ጎኑ ክንድ የሚዘለው አየርን አቋርጦ ነው። አየሩ በታመቀ ቁጥር መዝለሉ ይከብዳል። ደቻቱን አስበው። በበጋ አሸዋው ደረቅ ነው፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ይሻገረዋል። ከላይ ከተራራው ጎርፍ ሲወርድ ያው ወንዝ ነው፣ ስፋቱም ያው ነው፤ መሻገሩ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ካንዴላህም እንደዚያ ነው። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጥ ቆመህ) እና ከዚራ ጥላ ሥር ቀስ እያልክ ስትነዳ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ትንሽ ነው። 1.1 ሚሊ ሜትር ምንም አይደለም። ቱርቦው ሲነፋ ግን አየሩ ይወፍራል። ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ቦቢና ለመዝለል የሚያስፈልገውን ቮልት መስጠት ያቅተዋል። ብልጭታው አንዳንዴ ይዘላል፣ አንዳንዴ ይቀራል። አንተ መቆራረጥ የምትለው ይሄንን ነው።

የሚያስፈልገው ቮልት በግምት ከግፊቱና ከክፍተቱ ብዜት ጋር አብሮ ይጨምራል። ከ0.8 ወደ 1.1 ስትሄድ ክፍተቱ ብቻውን ከሲሶ በላይ ጨመረ። በላዩ ላይ ሪማፑ ግፊት ጨመረበት። ቦቢናው የተሠራው ለዚህ አይደለም። ይባስ ብሎ፣ በክፍተቱ መዝለል ያልቻለ ኤሌክትሪክ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። በቦቢናው ጎማ በኩል ወደ ቴስታታው (ካንዴላው ወደሚታሰርበት የሞተሩ ራስ) ያመልጣል፣ ወይም የቦቢናውን ውስጥ ይበሳል። ስለዚህ ቦቢና ቀይር ያለህ ሰው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። እንደዚህ እየነዳህ ከቆየህ ቦቢናውም በተራው መሞቱ አይቀርም።

«አዲስ አበባ ላይ እኮ ምንም አልነበረበትም» ትለኝ ይሆናል። እዚያ የነበረው የድሮው ካንዴላ ነው፤ ያረጀ ቢሆንም ልኩ ልክ ነበር። ሁለተኛው ነገር ከፍታው ነው። ይሄንን ብዙ ሰው አያስበውም። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት። የአየሩ ግፊት እዚያ ወደ 0.77 ባር ነው። ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነች 0.88 ባር አካባቢ አለን። አየራችን ይሞቃል፣ ግን ወፍራም ነው። ቱርቦው አዲስ አበባ ላይ እየለፋ የማይደርስበትን ግፊት እዚህ በቀላሉ ይደርስበታል። ሪማፑን የሠራልህ ልጅ ኮምፒውተሩን ሰክቶ የፈተነው በቦሌ አየር ነው። መኪናህ ግን የሚኖረው እዚህ ነው። ከተቻለ እዚሁ ድሬ ላይ፣ በቀትር ሙቀት ሎግ አድርገህ (እየነዳህ የሞተሩን ንባብ ቀድተህ) ፋይሉን ላክለት። ጥሩ ቲዩነር ከሆነ ደስ ይለዋል። ካልተደሰተ ስለ ሰውየው አንድ ነገር አወቅህ።

ወደ ሙቀት ደረጃው ልሂድ። እዚህ ላይ ብዙ ወሬ አለ። «ቀዝቃዛ ካንዴላ» ማለት ቀዝቃዛ እሳት የሚሰጥ ማለት አይደለም። ሞተሩንም አያቀዘቅዝም። ጉዳዩ ጫፉ የተቀበለውን ሙቀት በምን ያህል ፍጥነት ለቴስታታው ያስረክባል ነው። ጫፉ ላይ ያለው ነጭ ሸክላ ረጅም ከሆነ ሙቀቱ ወደ ብረቱ እስኪደርስ ብዙ መንገድ ይሄዳል። ጫፉ ይሞቃል። አጭር ከሆነ ቶሎ ይወርዳል። ጫፉ ከ450 ዲግሪ በታች ከሆነ ጥላሸቱን ማቃጠል አይችልም፤ ይጠቁራል። ከ850 አካባቢ ካለፈ ደግሞ ራሱ እንደ ፍም ይሆናል። ብልጭታ ሳይመጣ ቤንዚኑን ያነድዳል። ፒስቶን የሚበሳው ያኔ ነው። በአንድ ደረጃና በሚቀጥለው መካከል የጫፉ ሙቀት ከ70 እስከ 100 ዲግሪ ይለያያል።

6 ቁጥሩ የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው። መቆራረጡ ይሰማሃል። የጫፉ መሞቅ ግን አይሰማህም። ደንገጎ ደግሞ የሚምር መንገድ አይደለም። በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,200 ተነስተህ ከ2,000 ሜትር በላይ ትወጣለህ። ከተጫነ መኪና ኋላ ትጎተታለህ። ከዚያ ክፍት ቦታ ስታገኝ በ4ኛ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር ሙሉ ነዳጅ ትረግጣለህ። ለቱርቦ ሞተር ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ካንዴላውን ካስተካከልክም በኋላ ለመቅደም ስትፈልግ ወደ 3ኛ አውርድ፤ ዙሩ ከ3,000 በላይ ሆኖ ይሥራ። ነዳጅ ትበላለህ፣ ሞተር አትበላም።

ታዲያ 8 ቁጥር ላስገባ? እኔ አላስገባም። ኤንጂኬ ራሱ የሚሰጠው መነሻ አንድ ደረጃ ማቀዝቀዝ ለ75 እስከ 100 ፈረስ ጉልበት ጭማሪ ነው ይላል። ስቴጅ ዋን በዚህ ሞተር ላይ የሚጨምረው 40 ወይም 50 ፈረስ ቢሆን ነው። ያንተ ፋብሪካ ደግሞ ከመጀመሪያውም 7 አድርጎ ጀምሯል። አንተ አብዛኛውን ጊዜ የምትነዳው ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ መጋላ ነው። በዚህ አነዳድ 8 ቁጥር መቼ ሞቆ ጥላሸቱን ያቃጥላል? በሁለት ወር ጠቁሮ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ይልሃል። ነገ ቱርቦውን በትልቅ ከቀየርክ፣ ያኔ 8 እናወራለን።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ጋ። ኤንጂኬና ዴንሶ ቁጥሩ ሲጨምር እየቀዘቀዘ ይሄዳል። የኤንጂኬ 7 የዴንሶ 22 ነው፤ 6 ደግሞ 20 ነው። ቦሽ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይሞቃል። የቦሽ ሳጥን ይዘህ «8 ስጠኝ» ብትል ሰምቶ የሰጠህ ሰው ሞተርህን ሊያጠፋው ይችላል።

ስለ ኢሪዲየም የሰማኸው እንዲሁ የጋራዥ ወሬ ነው። ብዙ ሰው «ኮፐር ይሻላል» ይላል። ኮፐር የሚባለው ካንዴላ ጫፉ መዳብ አይደለም፣ ኒኬል ነው። መዳቡ ውስጡ ያለው እምብርት ነው። ኢሪዲየሙም ውስጡ ያው መዳብ አለው። ልዩነቱ ጫፉ ላይ ነው። ኢሪዲየም የሚቀልጠው ወደ 2,450 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ ኒኬል ግን 1,455 ላይ ይቀልጣል። ስለዚህ የኢሪዲየሙን ጫፍ በጣም ማቅጠን ይቻላል፤ የኤንጂኬው 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከቀጭን ጫፍ ብልጭታ በትንሽ ቮልት ይዘላል። ለቱርቦ ይሄ ጥቅም ነው። የኒኬሉ ጥቅም ርካሽ መሆኑና ክፍተቱን ሳትፈራ ማስተካከልህ ነው። ግን ቶሎ ይበላል፣ ክፍተቱም እየሰፋ ይሄዳል።

ስለዚህ ቢኬአር7ኢአይኤክስ ፈልግ። መጨረሻው ላይ 11 የሌለበትን። እሱ ከሳጥኑ የሚወጣው 0.8 ሆኖ ነው። ወደ 0.7 አጥብበው፤ መለኪያህ በኢንች ከሆነ 0.028 ነው። ካላገኘህ ኒኬሉን ቢኬአር7ኢ ግዛና እሱንም 0.7 አድርገው። አታፍርበት፤ እኔ ለብዙ ደንበኛ የማስገባው እሱን ነው። የፋብሪካው ፕላቲነም ከተገኘም ጥሩ ነው፣ ዋጋው ካላስደነገጠህ። «የያዝኩትን ባለ 6ቱን ወደ 0.7 ላጥብበውስ?» ልትለኝ እንደሆነ አውቃለሁ። መቆራረጡ ሊጠፋ ይችላል፤ ሙቀቱ ግን አብሮህ ይኖራል። ቪትዝ ላለው ጓደኛህ ሽጥለት። እሱም ቢሆን የመኪናውን መጽሐፍ ያመሳክር።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የማይወደድ ወሬ፤ ፌክ። ገበያው ሞልቶበታል። ሳጥን ማተም ቀላል ነው፣ ሳጥኑን አትመን። ካንዴላውን አውጣው። የመሃሉ ጫፍ እንደ መርፌ ቀጥ ያለ፣ ልክ መሃል ላይ የተቀመጠ መሆን አለበት። ሸክላው ላይ ያለው ጽሑፍ በጣትህ ስታሸው መደብዘዝ የለበትም። ጥርሱ ለስላሳ ነው፣ አይሻክርም። ቀለበቱ በጣት ተሽከርክሮ ከጥርሱ ላይ የሚወልቅ ከሆነ ተጠራጠር። ከዚያ ቴስተር አምጣና ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ጫፍ ለካው። «አር» ያለበት ካንዴላ ወደ 5,000 ኦም አካባቢ ያሳያል። ዜሮ ካሳየ ሬዚስተር የለውም። ምንም ካላሳየ ውስጡ ተቆርጧል። አራቱንም ለካ፣ እርስ በርስ ይቀራረቡ። ይሄን ሱቁ በር ላይ ቆመህ አድርገው። ሻጩ ቅር ቢለው ይበለው።

ራስህ መቀየር ትችላለህ ወይ? ትችላለህ። ይሄ ሞተር ለዚህ አይከብድም። አንድ ነገር ብቻ፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ። ሲቀዘቅዝ ስል ደግሞ እውነተኛ ቅዝቃዜ ነው። የድሬን ነገር ታውቀዋለህ፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ እንኳ ኮፈኑ ይፋጃል። ማታ አቁመህ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምር፣ ፀሐይ ሳትበረታ።

ይሄን የምለው ስለተቃጠልኩበት ነው። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ደንበኛ ቸኮለ፣ እኔም አብሬው ቸኮልኩ። ሞተሩ እየፋጀ ካንዴላውን ፈታሁት። የአሉሚኒየሙን ጥርስ ተላብሶ ወጣ። ብረቱንና አሉሚኒየሙን በሙቀት ስታላቅቃቸው ለስላሳው ይሸነፋል። ቴስታታው ወረደ፣ ቶርኖ ቤት ሄደ፣ ቡሽ ገባለት። የዚያን ወር ደሞዜን አላየሁትም። አለቃዬ አልተቆጡኝም፤ ሐረር ላይ ፔዦ 404 ሲፈቱ ያረጁ ሰው ነበሩ። «አሁን መካኒክ ሆንክ» ብቻ አሉኝ።

በዚህ ጎልፍ ላይ የሞተሩ የላይ ሽፋን የአየር ፊልትሮው ቤትም ነው። የአየር ቱቦውን አላቅቀህ ሽፋኑን ወደ ላይ ሳበው። አራት ቦቢናዎች ታያለህ። ሶኬቶቻቸው በሙቀት የደረቁ ፕላስቲኮች ናቸው፤ ምላሱን በካቻቢቴ አትገንጥለው፣ በቀስታ ጫነው። ቦቢናውን ሁለቱን ጎን ይዘህ ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ አውጣ። ጠምዝዘህ አትሳበው። የየትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ምልክት አድርግበት። ከመኪናው ፊት ቆመህ ስታይ 1ኛው በግራህ፣ ቺንጋው ባለበት በኩል ነው።

ካንዴላውን ከመፍታትህ በፊት ጉድጓዱን በኮምፕሬሰር አስነፋው። ይሄን አትዝለል። የእኛ ከተማ አቧራ ቀልድ አይደለም። ጉድጓዱ ውስጥ የተኛው አሸዋ ካንዴላው ሲወጣ ቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል። ኮምፕሬሰር ከሌለህ ጎማ ቤት የሚውል ልጅ ለምነህ አምጣው፣ ወይም የብስክሌት ፓምፕ ተጠቀም። ከዚያ ባለ ጎማ ወይም ባለ ማግኔት 16 ቁጥር የካንዴላ መፍቻ። እሺ ካላለ ትንሽ ፈታ፣ መልሰህ ጠበቅ፣ ደግመህ ፈታ። በጉልበት አትታገለው።

የወጡትን በቅደም ተከተል ካርቶን ላይ ደርድራቸው። እዚህ ጋ ቡናህን ጠጣ፣ ሥራው የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነውና። አለቃዬ ካንዴላን እንደ ሲኒ ነበር የሚያነቡት። ጫፉ ሻይ በወተት የመሰለ ቀለም ካለው ወይም ግራጫ ከሆነ ጤና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ካለው ወይ ቤንዚን በዝቷል፣ ወይ ካንዴላው በጣም ቀዝቃዛ ነው፣ ወይ መኪናው አጭር መንገድ ብቻ ይሄዳል። እርጥብና ዘይት የነካው ከሆነ ዘይት ይገባል ማለት ነው። አንዱ ላይ ብቻ ከሆነ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎማ፣ አራቱም ላይ ከሆነ ደግሞ ቱርቦውን ጠርጥር። ሸክላው ወረቀት መስሎ ነጥቶ ትናንሽ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ካሉበት መኪናውን አታስነሳው። ያ ከፒስቶንህ የተነሳ አሉሚኒየም ነው። ቲዩነሩን ደውልለት። ከ6 ቁጥሮቹ አንዱ ላይ ይሄን እንዳላይ ነው የምጸልየው።

ሸክላው ከውጭ በኩል፣ ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቡናማ ቀለበት ታይ ይሆናል። ብዙ መካኒክ «ጋዝ እያፈተለከ ነው» ብሎ ያስደነግጥሃል። አይደለም። በቮልቱ ምክንያት የተሳበ የዘይት ብናኝ ነው፤ ችግር የለውም። ጫፉ ላይ ቀላ ያለ፣ የሸክላ አፈር የመሰለ ቀለም ካየህ ደግሞ ኦክቴን ይጨምራል የሚባለውን ጠርሙስ ጨምረህ ነበር ወይ ብለህ ራስህን ጠይቅ። አንዳንዶቹ ያንን ቀለም ይተዋሉ። ሲበዛ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ካንዴላውንም ያሰንፈዋል።

ክፍተት ስታስተካክል የምታጎብጠው የጎኑን ክንድ ብቻ ነው። የመሃሉን ጫፍ አትንካው፣ አትደገፍበት። ኢሪዲየም ጠንካራ ነው ግን ይሰባበራል፤ ትንሽ ጫና ከጎን ሲያርፍበት ይሰነጠቃል። እንደ ሳንቲም ክብ የሆነውን መለኪያ መሃል ሰክተው የሚያሰፉ አሉ። ለኢሪዲየም እሱ ገዳይ ነው። ሽቦ የሆነውን መለኪያ ተጠቀም። ለማጥበብ የክንዱን ጀርባ ጠንካራ ነገር ላይ በቀስታ መታ አድርገው፣ ለካ፣ ደግመህ መታ አድርግ። ካለፈብህ በቀጭን ፒንሳ ክንዱን ብቻ ይዘህ መልሰው። አራቱም እኩል ይሁኑ። አንድ ካንዴላ ከእጅህ ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ መልሰህ አታስገባው። ሸክላው ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ በዓይን አይታይም።

ለማስገባት የቤንዚን ጎማ ቁራጭ ፈልግ፣ አንድ ስንዝር ትበቃለች። የካንዴላው ጭራ ላይ ሰካትና በእሷ እያሽከረከርክ አስገባ። ጥርሱ ከተጣመመ ጎማዋ ትሾልካለች፣ ጥርስ አታበላሽም። በመፍቻ ከጀመርክ ግን መጣመሙን የምታውቀው ከተበላሸ በኋላ ነው። ጥርሱ ላይ ግራሶ ወይም ያንን ብርማ ቅባት አትቀባ። ኤንጂኬ ራሱ አይመክረውም። ቅባት ካለ መፍቻህ ከሚነግርህ በላይ ይጠብቃል። ማጥበቂያው 30 ኒውተን ሜትር ነው። ቶርክ ሬንች ከሌለህ በእጅ እስኪቆም አስገባና ቀለበቱ አዲስ ከሆነ ግማሽ ዙር ጨምር። የተሠራበት ካንዴላ ከሆነ ከዚያ በጣም ያነሰ፤ ቀለበቱ አንዴ ተጨፍልቋል። ላልቶ የቀረ ካንዴላ ራሱ አደጋ ነው፤ ሙቀቱን ለቴስታታው ማስረከብ ስለማይችል 7 ገዝተህ እንደ 5 ይሠራል።

ስለ ፒ0302 አልረሳሁም። 2ኛው ሲሊንደር ላይ ይስታል ማለት ነው። አዲሶቹን ካስገባህ በኋላ የ2ኛውን ቦቢና ወደ 4ኛው፣ የ4ኛውን ወደ 2ኛው አዛውረው። ኮዱን አጥፋና ንዳ። ካልተመለሰ ጨርሰሃል፣ ቦቢና መግዛት የለብህም። ፒ0304 ሆኖ ከመጣ ጥፋቱ ከቦቢናው ጋር ተሻግሯል፤ ያኔ እሱን ቀይር። ፒ0302 እንዳለ ከቀረ ካንዴላውም ቦቢናውም ነፃ ናቸው። ኢንጀክተርና ኮምፕሬሽን እንፈትሻለን። ይሄ ሞተር ቤንዚኑን ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጭ የመግቢያ ቫልቮቹን የሚያጥባቸው ነገር የለም፤ ካርቦን ይጋግራሉ። ያም እሳት ያስታል፣ ግን በአብዛኛው ጠዋት ሚኒሞ ላይ ነው እንጂ ዳገት ላይ አይደለም። ስለዚህ የመጨረሻ ተጠርጣሪ አድርገው።

ቤንዚን ላይ አንድ ቃል። ውጭ አገር የተዘጋጁ የሪማፕ ፋይሎች ብዙ ጊዜ 98 ኦክቴን ታስቦላቸው ነው። እኛ ማደያ ሄደን ኦክቴን አንመርጥም፤ የተገኘውን እንቀዳለን። ነዳጅ ሲጠፋ ደግሞ በሃይላንድ የሚሸጠውን ትገዛለህ፣ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቀው የቀላቀለው ብቻ ነው። ካንዴላ ይሄን አያስተካክልም። ቲዩነሩን ለደካማ ቤንዚን የሚሆን ፋይል እንዲጭንልህ ጠይቀው። አሥርና አሥራ አምስት ፈረስ ብታጣ ነው። የቤንዚን አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ሌላ ጂቲአይ ከየት ታመጣለህ?

መቼ ልቀይር ካልክ፣ በቲዩን መኪና ላይ ኒኬሉን በየ15,000 ኪሎ ሜትር፣ ኢሪዲየሙን በየ30,000 እቀይራለሁ። ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ከዚህ ብዙ ይበልጣል፤ እሱ ዳገት ለማይወጣ ሰው ነው። በመሃል አንዴ አውጥተህ ክፍተቱን ለካ። ከ0.7 ወደ 0.8 ከሰፋ መልሰህ አጥብበው። እንዲያም ሆኖ ዳገት ላይ ትንሽ ከሳተ 0.65 ሞክር። ከ0.6 በታች ግን አትውረድ፤ ሚኒሞው ይሻክራል።

የወጡትን አራቱን ባለ 6 ካንዴላዎች ጫፋቸውን በፀሐይ ብርሃን ፎቶ አንሣና ላክልኝ፣ ከ1 እስከ 4 በተራቸው። በተለይ የ2ኛውን ሸክላ ቀረብ አድርገህ አንሣው። እሱን ሳላይ ደንገጎን እንዳትረግጥ።